የወንጀል ፍትሕ ሥርዓቱና ሴት ተጠርጣሪዎች

በደሴ ከተማ ሰኞ ገበያ በችርቻሮ ንግድ ቤተሰቧን የምታስተዳድር እናት በወንጀል ተጠርጥራ ስትያዝ የዕለት ገቢዋ በዚያኑ ቀን ይቋረጣል፤ ልጆቿም ለአያት ወይም ለጎረቤት ይተዋሉ። ወንዱ ሲታሰር ግን ቤቱን የምትይዝና ስንቅ የምታመላልስ ሚስት ወይም እናት አብዛኛውን ጊዜ አትጠፋም።

ሕጉ ይህን ልዩነት በከፊል ተገንዝቦታል። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ወንድና ሴት እስረኞች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል። በነፍሰ ጡር ላይ የተወሰነ የሞት ቅጣትም ሕፃኑን በሕይወት ወልዳ የምታጠባ ከሆነ ወደ ዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ይለወጣል። በምጥ ላይ ሳለች ወይም ምጡ ካስከተለባት ሁኔታ ሳትላቀቅ ሕፃኗን የገደለች እናት በአንቀጽ 544 መሠረት በቀላል እስራት ስትቀጣ፣ ለተራ የሰው ግድያ የተደነገገው ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። እነዚህ ድንጋጌዎች ለሴቶች የተደረገ ችሮታ ተደርገው ሲነገሩ ይሰማል፤ አባባሉ ግን ትክክል አይደለም። ፆታ ብቻውን ቅጣት ማቅለያ ምክንያት ሆኖ በሕጉ አልተዘረዘረም።

ሴቶች በቀድሞው ሕግ የነበራቸው ሥፍራ ከዚህ የከፋ ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ተጠላፊዋን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን በር ክፍት ትቶ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ ጠላፊዋን በጥይት የገደለች የ14 ዓመት ልጅ በግድያ ተከሳ፣ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተከራክሮላት ራሷን የተከላከለች መሆኗ ታምኖ በነፃ ተሰናብታለች። በአሁኑ ሕግ ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል።

ልዩነቱ ይበልጥ የሚጎላው በዋስትና ላይ ነው። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 69 የዋስትናው መጠን ሲወሰን የተከሳሹና የዋሱ አቅም እንዲታይ ደንግጓል። ቤቱም ሆነ የንግድ ፈቃዱ በባል ስም በሆነበት ትዳር ውስጥ ያለች ሴት፣ ለወንዱ ቀላል የሆነው ገንዘብ ለእርሷ ከእስር የማያስወጣ ይሆንባታል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2003 ዓ.ም. ያጸደቀው የባንኮክ ደንብ እናት ወደ እስር ከመግባቷ በፊት ለልጆቿ ሁኔታ እንድታመቻች እንዲፈቀድላት ይጠይቃል። ጥገኛ ልጆች ላሏት ሴትም ከእስር ውጪ ያለ ቅጣት ተመራጭ እንዲሆን ያሳስባል። በፌዴራል ደረጃ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የታራሚዎች አያያዝ ደንብ ዕድሜው ከ18 ወር ያልበለጠ ሕፃን ከእናቱ ጋር እንዲቆይ ፈቅዶ ነበር፤ ውጪ ስለሚቀሩት ታላላቆቹስ? ለዚህ አዲስ አዋጅ መጠበቅ የግድ አይደለም። በፖሊስ ቃል መቀበያ ቅጽ ላይ ስለ ተጠርጣሪዋ ልጆችና አሳዳጊ አንድ መስመር ቢጨመር፣ ዳኛው ዋስትናን ሲወስን የሚያየው መረጃ ይኖረዋል።