የግቢው መብራት የማን ነው?

ወዳጆቼ፣ ክረምቱ ደጃችን ደርሷልና ዛሬ ስለ ግቢ መብራት ልጻፍ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ግን እኔ እስከማየው ድረስ፣ እዚህ አብነት በየቤቱ ከሚሠራው የኤሌክትሪክ ሥራ ሁሉ በግዴለሽነት የሚሠራው ይሄው የውጭ መብራት ነው።

ምክንያቱም የቤት ውስጥ መብራት ባለቤት አለው፣ የግቢ መብራት ግን የለውም። አራትና አምስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢ በሰፈራችን ብዙ ነው። የመጸዳጃ ቤቱ መንገድ፣ የቧንቧው ዳር፣ የውጭ በሩ እንዲበራ ሁሉም ይፈልጋል። ገንዘብ አዋጡ ሲባል ግን ሁሉም ዝም። በመጨረሻ አንዱ ጎረቤት ከራሱ ሶኬት የተረፈች ገመድ ይስብና፣ በቆርቆሮው አጥር ላይ በሚስማር ይይዛታል፤ መገጣጠሚያውን በናስትሮ፣ ናስትሮ ከሌለም በፌስታል ጠቅልሎ አምፖል ያንጠለጥላል። "በራ አይደል? በቃ!" ይባላል።

አዎ፣ በርቷል። ስለበራ ግን ሥራው ትክክል ነው ማለት አይደለም። ተማሪዎቼ የነበራችሁ ይቺን ዓረፍተ ነገር ክፍል ውስጥ ስንቴ እንደሰማችኋት ታውቃላችሁ።

ቤት ውስጥ ደረቅ ወለል ላይ፣ ብዙ ጊዜም ጫማ አድርገን ነው የምንቆመው። ግቢ ስንወጣ መሬቱ እርጥብ ነው፣ ልብስ የምታጥብ ሰው እጇ እርጥብ ነው፣ ልጆች በባዶ እግር ይሮጣሉ። አጥሩ ቆርቆሮ፣ በሩ ላሜራ፣ የልብስ ማስጫው ሽቦ፤ ሁሉም ኮረንቲ ያስተላልፋል። የገመዱ ልባስ በበጋ ፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ በክረምት በስንጥቁ ውሃ ይገባል። ያኔ "ይሄ አጥር ዛሬ ነዘረኝ" የሚል ሰው ይመጣል። እኛም እንስቅና እናልፈዋለን። ወዳጆቼ፣ አጥር ከነዘረ ቀልድ አይደለም፤ በዚያው ደቂቃ ብሬከሩ መውረድ አለበት።

"ብሬከር አለን እኮ" የሚል አይጠፋም። ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ሰውን አይደለም። 16 አምፒር ብሬከር ማለት 16 ሺህ ሚሊ አምፒር ማለት ነው። ሰውን ለመግደል ግን በደረት በኩል የሚያልፍ ጥቂት አሥር ሚሊ አምፒር ይበቃል። በ220 ቮልት እርጥብ መሬት ላይ የቆመ ሰው ይህን ያህል ለመሳብ አይቸገርም፤ ብሬከሩም ምንም ሳይሰማው ቁጭ ይላል። ሰውን የሚጠብቀው አርሲዲ የሚባለው ዕቃ ነው። በአንዱ ሽቦ የሄደው በሌላው መመለሱን ያወዳድራል፤ የ30 ሚሊ አምፒር ልዩነት ሲያይ በሰከንድ ክፍልፋይ ይቆርጣል። ላዩ ላይ የመሞከሪያ ቁልፍ አለው፣ በየወሩ ተጫኑት። ካልወረደ ይቀየር።

ሌላውን ባጭሩ ልዘርዝረው፦

1. ገመዱ 1.5 ካሬ የመዳብ ሽቦ ይሁን፣ ቱቦ ውስጥ ይግባ። የስልክና የስፒከር ሽቦ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በመሬት ውስጥ ከሄደ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይቀበር፣ አትክልት የሚቆፍር ሰው በዶማ እንዳያገኘው። አፈር ውስጥ መቀጠያ አይኑር።

2. የውጭ መብራት ስትገዙ ካርቶኑ ላይ "አይፒ" የሚለውን ፈልጉ። ሁለተኛው ቁጥር የውሃ ነው። ጣሪያ ሥር ለሚውል 44 ይበቃል፣ ዝናብ በቀጥታ ለሚመታው 65 ውሰዱ።

3. ማብሪያ ማጥፊያው የሚቆርጠው ፌዙን ይሁን። ኑትራሉን ከቆረጠ አምፖሉ ይጠፋል፣ ሶኬቱ ግን ኮረንቲ እንደያዘ ነው። አምፖል ስንቀይር የሚይዘን አንዱ በዚህ ነው።

4. ብረት አካል ያለው መብራት ግራውንድ ይደረግ። ገመድ በቆርቆሮና በልብስ ማስጫ ሽቦ ላይ አይታሰር።

5. ሰው ኮረንቲ ከያዘው በእጃችሁ አትንኩት። መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ።

"ለአንድ አምፖል ይሄ ሁሉ?" ትሉኝ ይሆናል። ወጪው እውነት ነው፣ አልክድም። ግን የሚከብደው አንዴ የሚወጣው ነው። 9 ዋት የኤልኢዲ አምፖል ሌሊቱን 12 ሰዓት ቢበራ በወር ከ3 ኪሎ ዋት ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። የድሮው 60 ዋት ከ21 በላይ ይፈጃል። የአንዱ ልዩነት ለአምስት አባወራ ሲካፈል የሚያጣላ አይደለም። የሚያጣላን ማን ይጀምር የሚለው ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የከተማችን ብዙ ዋና መንገድ በርቷል፣ ፊት ለፊቱን ማብራት የሚፈልገውም ሰው በዝቷል። ጥሩ ነው። ነገር ግን አስፋልቱ ላይ ቆሞ የሚያምረው መብራት፣ ከጀርባው ያለው ግቢ በፌስታል የተጠቀለለ ከሆነ ምን ዋጋ አለው?

እዚህ ጋ ነው እድር የሚመጣው። እድሮቻችን ድንኳን፣ ወንበርና ድስት በጋራ ገዝተዋል። ለቅሶ ሲደርስ ግን መብራቱ ከማን ቤት፣ በምን ገመድ ይሳባል? ከተገኘው። የድንኳኑ ምሰሶ ብረት ነው፣ አምፖሉ የሚታሰረው እሱ ላይ ነው፣ ሥሩ ደግሞ ሰው ያድራል። ለቀብር የተደራጀ ማኅበር ሌላ ቀብር በማይጋብዝ ገመድ ቢያበራ ምን ነበረበት? እኔ የምለው፦ እያንዳንዱ እድር አንድ ደህና የጎማ ገመድ፣ አርሲዲ ያለው ሳጥንና ውሃ የማያስገባ አምፖል መያዣ ከዕቃዎቹ ጋር ይግዛ። ለቅሶም ሆነ ሠርግ እሱ ይውጣ።

በሙያው ላይ ላላችሁ ልጆቼ አንድ ቃል አለኝ። "ደንበኛው በርካሽ ሥራልኝ አለኝ" ምክንያት አይሆንም። ደንበኛው አርሲዲ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ እናንተ ታውቃላችሁ። ዋጋ ስትነግሩት ከነምክንያቱ ንገሩት። ያለዚያ አልሠራም ብላችሁ ብትመለሱ የአንድ ቀን ገቢ ነው የሚቀርባችሁ።

እስቲ በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ አንሱት። የጎደለ ካለም በኮሜንት ጨምሩበት። ደህና ክረምት ያድርግልን!