«ፍቅር እስከ መቃብር» ፊልም አይሁን ለሚሉ የቀረበ ምላሽ

በደብረ ማርቆስ የፊልም ወዳጆች በጉጉት ስለሚጠብቋቸው ፊልሞች ሲያወጉ፣ የሆሊውዱና የሕንዱ ዝርዝር ካለቀ በኋላ ጨዋታው ገና ወዳልተሠራ አንድ ፊልም ያመራል። እርሱም «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ኢቢሲ ልብ ወለዱን በሰውመሆን ይስማው አዘጋጅነት በተከታታይ ድራማ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ ክርክሩ ጋለ እንጂ አልበረደም። የድራማውን ብቃት እዚህ አልመዝንም። የምመልሰው ከድራማው በፊትም ለነበረው፣ ዛሬም በብዙ የተከበሩ መምህራንና አንባቢያን ዘንድ ያለ ማስረጃ ለሚታመነው አስተያየት ነው።

አስተያየቱን ባለቤቶቹ በሚያቀርቡበት መልክ ላስቀምጠው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ሥራ ውበቱ በአማርኛው ላይ ነው። እያንዳንዱ አንባቢ የልብ ወለዱን ፍቅረኞች በልቡ ሥሏል፤ የራሱ ሰብለ ወንጌልና የራሱ በዛብህ አለው፤ ካሜራ አንዲት ተዋናይት አቁሞ «ሰብለ ይቺ ናት» ባለ ጊዜ የሁላችንም ሰብለ ትጠፋለች። ደግሞም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተርኮ ፈጽሞታል፤ የሚጨመርበት የለም። ያለፈውን ዘመን በምስል ለማቆም አቅሙም የለንም። ስለዚህ ባይነካ ይሻላል። አስተያየቱ ከመጽሐፉ ፍቅር የመነጨ ነውና አከብረዋለሁ። መደምደሚያው ግን ከመነሻዎቹ አይወጣም።

አንደኛ፣ የአንባቢው ምናብ ይጠፋል የሚለው መነሻ ራሱን በራሱ ያፈርሳል። ትክክል ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ተከሳሽ ወጋየሁ በሆነ ነበር። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሥርዓቱን ለሚተቸው ለጉዱ ካሳ ምሬት፣ ለሰብለ አባት ለፊታውራሪ መሸሻ ቁጣና ትዕቢት አንድ የተወሰነ ድምፅ የሰጠው እርሱ ነው። ትረካውን የሰማ ሰው መጽሐፉን ሲገልጥ ጉዱ ካሳን በሌላ ድምፅ ለመስማት ይቸገራል። ሆኖም «ወጋየሁ ምናባችንን ነጠቀን» ብሎ ያማረረ አላጋጠመኝም። እንዲያውም ፊልሙን አጥብቀው የሚቃወሙት ትረካውን አብዝተው የሚያደንቁት ናቸው። ድምፅን መወሰን ሥራውን ካበለጸገው፣ ፊትን መወሰን የሚገድለው በየትኛው ሕግ ነው? «ወጋየሁ እኮ ብርቱ ነበር» የሚል መልስ ይሰጠኛል። እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ይህ ስለ ሠሪው ብቃት የተነገረ ነው እንጂ ስለ ጥበቡ ዓይነት አይደለም። ከመጥፎ ፊልም መጠንቀቅ አንድ ነገር ነው፤ ፊልምን በጅምላ መከልከል ሌላ።

ሁለተኛ፣ «ሥራው ቃል እንጂ ምስል አይደለም» የሚለው ደራሲውን ይዘነጋል። ሐዲስ ወደ ልብ ወለድ ከመምጣታቸው አስቀድሞ «የሐበሻና የወደ ኋላ ጋብቻ» የተሰኘ ተውኔት የጻፉ ሰው ናቸው። በልብ ወለዱም ሰዎቻቸው ፊት ለፊት ይሟገታሉ፤ ከታሪኩ ብዙውን የሚገፋው ንግግር ነው። የተራኪው ትዝብት በፊልም እንደሚሳሳ አልክድም። በዛብህ ያደገበት የቅኔ ተማሪ ዓለም ለካሜራ አይመችም ለሚሉ ግን የሞገስ ታፈሰን «ቁራኛዬ» (እ.ኤ.አ. 2019) አይተው እንዲፈርዱ እጋብዛለሁ።

ሦስተኛ፣ አቅም። በዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት»ን (እ.ኤ.አ. 1976) የሠራው በጥቁርና ነጭ፣ በጥቂት ገንዘብ፣ በአጭር ጊዜ ነው፤ ጉዳዩም የባለ መሬቱና የገበሬው ነበር። ገንዘብ የሌለው ሥራ ሁሉ ደካማ ይሆናል የሚለው ሕግ በዚያ ፊልም ፊት አይቆምም። ይልቅ ተቃዋሚዎቹ ያላነሡት እውነተኛ ችግር አለ፤ የጎጃም መልክ ተለውጧል። በዛብህ ከተወለደበት ከማንኩሳ ተነሥቶ ወደ ዲማ የሚሄድ ካሜራ ብዙ ቦታ የሚያገኘው ባሕር ዛፍ፣ የቆርቆሮ ክዳንና የመብራት ምሰሶ ነው። ይህ ግን ቦታ መራጭ የሚፈታው ጣጣ ነው። ከዚህ የሚብሰኝ የተዋንያኑ አነጋገር ነው፤ የጎጃምን አማርኛ ለማሳቂያ ብቻ የለመደ ተዋናይ ፊታውራሪን ሲሆን መስማት አልሻም።

አራተኛ፣ ዋናው ስሕተት ተቃዋሚዎቹም ደጋፊዎቹም የሚጋሩት ነው። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ የፍቅር ፊልም ነው፤ አንዱ ይሠራ፣ ሌላው ይቅር ይላል። ርዕሱ አሳስቷቸዋል። በዛብህና ሰብለ እንዳይጋቡ ያደረገውን ብንጠይቅ መልሱ ዕድል አይደለም፣ የአንድ አባት ክፋት ብቻም አይደለም። ደሀ ባላገር የወለደው የቤተ ክህነት ተማሪ የመኳንንት ልጅ እንዳያገባ የሚያግድ ሥርዓት ነው። ያው ሥርዓት በፊታውራሪ መሸሻ እጅ ባላገሩን ከልማዱ በላይ ይጠይቃል፤ ባላገሩም እምቢ ብሎ በአበጀ በለው መሪነት ፊታውራሪን ይማርካል። ፍቅሩና አመፁ የአንድ ክርክር ሁለት ምስክሮች ናቸው። ጉዱ ካሳም በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው ለጌጥ አይደለም።

ይህን ንባብ «የኋላ ዘመን ፖለቲካ ጭነህበት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። መልሱን ታሪክ ይሰጣል። መጽሐፉ በታተመ በሁለት ዓመት፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ አመፀ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ ኋላም አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከሥልጣን ተነሡ። መጽሐፉ አመፁን አስነሣ አልልም፤ አንዱ ነገር ሌላውን መቅደሙ መንስኤ አያደርገውም። የምለው ጠባብ ነው፤ ጎዛምን ውስጥ ተወልደው በጎጃም የቅኔ ትምህርት ቤቶች ያደጉት ደራሲ ያነሡት የባላገርና የገዥ ጠብ በዚያው ጎጃም በሕይወት ያለ ጠብ ነበር። ጠቡን የፍቅሩ ማስጌጫ አድርጎ የሚያነበው ሰው ነው ማስረጃ ማምጣት ያለበት።

አምስተኛ፣ የኮሎምቢያዊው ደራሲ የማርኬዝ ነገር። «መቶ የብቸኝነት ዓመታት»ን ደራሲው ወደ ፊልም እንዳይቀየር ስለከለከለ እኛም እንከልክል ይባላል። ከታላቅ ሰው ስም መነሣት ማስረጃ አይሆንም፤ ቢሆንም ስሙ በትክክል ይጠቀስ። ልጆቹ እንደተናገሩት የማርኬዝ ሥጋት ሥራው በአንድ ወይም በሁለት ፊልም አይጠቃለልም፣ ደግሞም በስፓኒሽ መሠራት አለበት የሚል ነበር። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2024 ያቀረበው ኮሎምቢያ ውስጥ፣ በስፓኒሽ፣ በብዙ ክፍል ተሠርቶ ነው። የፊልም አዘጋጁ ቦንዳርቹክም የቶልስቶይን «ጦርነትና ሰላም» በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲሠራ በአራት ክፍል፣ ሰባት ሰዓት ያህል አድርጎታል። እንግዲህ ምሳሌው የሚያስተምረው ስለ ርዝመትና ስለ ቋንቋ ነው እንጂ ስለ መከልከል አይደለም።

ከ500 ገጽ በላይ የሆነውን መጽሐፍ በሁለት ሰዓት ለማሳየት የሚነሣ አዘጋጅ ካለ፣ እኔም ከተቃዋሚዎቹ ጎን እቆማለሁ፤ በእነርሱ ምክንያት ግን አይደለም። ሰዓት ሲያጥረው ሰብለን አይቆርጥም፤ ተመልካች የሚገባው ለእርሷ ነው። የሚቆርጠው አበጀ በለውን ነው።