አየሩ ያነሰው ይወስን



እኛ የባኬ ጃማ ሰዎች ከባሕር ርቀን፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምንኖር ነን። የምናውቀው ትልቅ ውሃ ደዴሳ፣ አንገርና የፊንጫአ ግድብ ነው። ይሁን እንጂ በወለጋ አማኞች ቤት ስሟ ዘወትር የሚነሣ አንዲት ደሴት አለች፤ እርሷም ምጽዋ ናት። በልጅነታቸው ለባርነት የተሸጡት አባ ገመቺስ፣ ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ በ1870 ነጻ የወጡት እዚያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1872 ተጠመቁ፤ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ፤ በ1904 ነቀምቴ ገቡ፤ በ1931ም እዚሁ ዐረፉ። ስለዚህ ብዙዎቻችን ቀይ ባሕርን የምናውቀው ሰው የሚሸጥበትና ነጻ የሚወጣበት ውሃ አድርገን ነው። ዛሬ ግን ያንኑ ባሕር ከላዩ ሳይሆን ከውስጡ እንየው። የምናየውም በአንድ ባልና ሚስት ዓይን ነው።

ርእሱን ያነሣሁት ለመዝናኛ ብቻ አይደለም። ልጆች አድገው ከቤት ሲወጡ፣ ጡረታም ሲቃረብ፣ ብዙ ባለትዳሮች «ድሮ እንወደው ወደነበረው ሕይወት ብንመለስስ?» ይላሉ። አንዱ የትውልድ ቀዬውን ያስባል፤ ሌላው ያቋረጠውን ትምህርት ያስባል። በሌላው ዓለም ደግሞ በወጣትነታቸው ወደ ኖሩበት ሞቃት ደሴት ተመልሰው፣ የአየር ሲሊንደር በጀርባቸው ተሸክመው ውሃ ውስጥ የሚጠልቁ ጥንዶች አሉ። ይህ ጠለቃ «ስኩባ ዳይቪንግ» ይባላል። ከባሕር ርቀን ለምንኖረው ለእኛ እንኳ የሚሆን ትልቅ ቁም ነገር በውስጡ አለ።

ሃንስና ሎተ

ሃንስ ሃስ በ1919 በቪየና ከተማ ተወለደ። ገና ተማሪ ሳለ፣ በ1939፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በካሪቢያን ባሕር ወደሚገኙት ኩራሳዎና ቦናይር ደሴቶች ሄዶ በውሃ ውስጥ ፎቶግራፍና ፊልም አነሣ። ከጦርነቱ በኋላ ፊቱን ወደ ቀይ ባሕር አዞረ። በቢሮው ውስጥ ሎተ ባይርል የምትባል ወጣት ጸሐፊ ነበረች። እርሷም አብራ መጥለቅ ፈለገች። እርሱ ግን ይህ ሥራ ለሴት አይሆንም ባይ ነበር።

ሎተ ክርክር አልገጠመችም። እርሱ ወደ ቀይ ባሕር በሄደበት ጊዜ በእርሱ ካሜራ በቪየና አጠገብ በዳኑብ ወንዝ ውሃ ውስጥ ተለማመደች፤ ያነሣቻቸው ፎቶግራፎችም በመጽሔት ላይ ወጡ። በመጨረሻም በ1950 ወደ ፖርት ሱዳን በተደረገው ጉዞ አብራ ሄደች፤ ሻርክና ልዩ ልዩ ዓሣ በሚመላለስበት ውሃ ውስጥም ጠለቀች። ከዚያ ጉዞ የተሠራው ፊልም በ1951 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ተሸለመ። ሁለቱ በ1950 ተጋቡ፤ ለሃንስ ሁለተኛው ጋብቻው ነበር። በ1953 ደግሞ «ዛሪፋ» በምትባል ባለ ሸራ መርከባቸው ወደ ካሪቢያንና ወደ ጋላፓጎስ ደሴቶች ጉዞ ጀመሩ። ሃንስ በ20 ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር ወዳየው ባሕር በ34 ዓመቱ ከሚስቱ ጋር ተመለሰ። ሞት እስኪለያቸውም አልተለያዩም፤ እርሱ በ2013፣ እርሷ በ2015 ዐረፉ።

በእነርሱ ዘመን የሚጠቀሙበት መሣሪያ ንጹሕ ኦክስጅን የሚሰጥ ነበር። ኦክስጅን ሕይወት ነው እንላለን፤ ከጥቂት ሜትሮች ጥልቀት በታች ግን ንጹሕ ኦክስጅን መርዝ ይሆናል፤ ጠላቂውን አንዘፍዝፎ ራሱን ያስተዋል። ዛሬ የተለመደው መሣሪያ ኩስቶና ጋኛን የተባሉ ፈረንሳውያን በ1943 የሠሩት ዓይነት ሲሆን፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የታመቀ ተራ አየር ነው። መልካም ነገር እንኳ ልክና ቦታ እንዳለው ከዚህ እንማራለን።

የተመለሰ ሰው ጀማሪ ነው

ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ውሃ የሚመለስ ሰው «እኔኮ አውቀዋለሁ» ብሎ ዘሎ አይገባም። በመጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይቀርባል። ዕድሜ፣ የደም ግፊት፣ ልብ፣ አስም፣ ሲጋራ ያጨስ እንደሆነ፣ ሁሉም ይጠየቃል። ቀጥሎም የማደሻ ሥልጠና ይወስዳል። መነጽሩ ውስጥ ውሃ ቢገባ እንዴት እንደሚያስወጣው፣ መተንፈሻው ከአፉ ቢወጣ እንዴት ፈልጎ እንደሚመልሰው፣ ደረት በማያሰምጥ ውሃ ውስጥ እንደ ሕፃን ይለማመዳል። ድሮ 100 ጊዜ የጠለቀም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው በ10 ሜትር ጥልቀት የሚያርፍበት ግፊት በውሃው ገጽ ላይ ካለው እጥፍ ነው፤ በ20 ሜትር ሦስት እጥፍ፣ በ30 ሜትር አራት እጥፍ ይሆናል። በ10 ሜትር ላይ ሳንባውን ሞልቶ ትንፋሹን እንደያዘ ወደ ላይ ቢወጣ በሳንባው ያለው አየር እጥፍ ሊሆን ይጥራል፤ ሳንባውንም ሊቀድደው ይችላል። ለዚህ ነው የጠላቂዎች የመጀመሪያ ትእዛዝ «ትንፋሽህን ፈጽሞ አትያዝ» የሚለው። ሁለተኛው ደግሞ «ቀስ ብለህ ውጣ» ይላል። በደቂቃ ከ9 ወይም ከ10 ሜትር በላይ አይወጣም፤ 5 ሜትር ላይ ሲደርስም ለ3 ደቂቃ ያህል ይቆማል። በግፊት ምክንያት ናይትሮጂን በደሙና በሥጋው ውስጥ ሟሙቶ ይቆያልና። የለስላሳ ጠርሙስ በድንገት ሲከፈት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሰውም በድንገት ሲወጣ በሰውነቱ ውስጥ እንደዚያው አረፋ ይፈጠራል፤ መገጣጠሚያን ያሳምማል፤ ሲከፋም ሽባ ያደርጋል፤ ይገድላልም።

ለእኛ ለደገኞች ደግሞ ከዚህ ላይ የሚጨመር ነገር አለ። ከምጽዋ እስከ አሥመራ ያለው መንገድ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ጠዋት ዳህላክ ላይ ጠልቆ ከሰዓት በኋላ ያንን ዳገት በመኪና የሚወጣ ሰው በጀልባው ላይ ምንም ሳይሰማው ዳገቱ ላይ ሊታመም ይችላል። አውሮፕላንም እንደዚሁ ነው። በተከታታይ ቀናት ለጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል፤ ብዙዎች 24 ሰዓት ይጠብቃሉ። ስለዚህ በጅቡቲ፣ በሞምባሳ ወይም በዛንዚባር ለመጥለቅ የሚያስብ ወገን ካለ የመጨረሻዋን ቀን ለዕረፍት ይተዋት። ከፍ ወዳለ ቦታ የሚመለስ ሰው ከሁሉም በላይ ቀስ ማለት አለበት።

ደሴቷም ተለውጣለች

ሌላው የተመላሾች ፈተና ቦታው እንደተዉት አለመቆየቱ ነው። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው ፍጥረት ነው። በሥጋው ውስጥ ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ፤ አብዛኛውን ምግቡንና ውብ ቀለሙን የሚያገኘው ከእነርሱ ነው። ባሕሩ ከተለመደው የበጋ ሙቀት በ1 ዲግሪ ያህል በልጦ ለሳምንታት ከቆየ ግን ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣል፤ ይነጣል፤ ሙቀቱ ካልበረደለትም ይሞታል። በ1998 በደረሰው ሙቀት ከዓለም ኮራል 16 በመቶ ያህሉ እንደጠፋ ተገምቷል፤ በሕንድ ውቅያኖስ ማልዲቭስና ሲሸልስ እጅግ ተጎድተዋል። በኤፕሪል 2024 ደግሞ ተመራማሪዎች አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል ንጣት መከሰቱን አስታውቀዋል።

ስለዚህ ከ20 ዓመት በፊት የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉበትን የአበባ መስክ የመሰለ ቦታ ፍለጋ የሚጠልቁ ጥንዶች አመድ የለበሰ ሊያገኙ ይችላሉ። በዚያን ጊዜ «ድሮ እንዲህ አልነበረም» እያሉ ቀኑን ማጥፋት ይቻላል። አሁን ያለውንም ማየት ይቻላል፤ ኮራሉ ከሞተበት ጥግ አጠገብ አዲስ ቡቃያ ሲያወጣ ያዩ ብዙ ናቸው። የደሴት ኑሮም ከፎቶግራፉ ይለያል። በትናንሽ ደሴቶች የሚጠጣ ውሃ ከዝናብ ይጠራቀማል ወይም በጀልባ ይመጣል። ጨው ብረቱን ሁሉ ይበላል። ሐኪም ሩቅ ነው፤ በግፊት ለተጎዳ ጠላቂ የሚሆነው ልዩ የሕክምና ክፍል ደግሞ ከሐኪሙም ይርቃል። አስተዋዮች ቤት ከመከራየታቸው በፊት ይህን ይጠይቃሉ።

ሁለት ሆኖ መጥለቅ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በጠላቂዎች ዘንድ ሰው ብቻውን አይጠልቅም፤ ከጓደኛው ጋር ነው። ከመግባታቸው በፊት አንዱ የሌላውን መሣሪያ ይፈትሻል፤ ማሰሪያውን፣ ክብደቱን፣ አየሩን። እያንዳንዱም የራሱ መተንፈሻ ሳለ ሌላ ትርፍ መተንፈሻ ይዞ ይገባል። ያ ትርፍ ለባልንጀራው ነው።

ውሃ ውስጥ መነጋገር ስለማይቻል ቋንቋው በእጅ ምልክት ነው። እዚህ ላይ ጀማሪዎች ይሳሳታሉ። አውራ ጣትን ወደ ላይ መቀሰር በእኛ ዘንድ «ጎበዝ፣ መልካም ነው» ማለት ነው፤ በውሃ ውስጥ ግን «እንውጣ» ማለት ነው። «ደኅና ነኝ» ለማለት አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን ገጥሞ ክብ መሥራት ያስፈልጋል። ምልክቱን ደርቅ ላይ ሳሉ ያልተስማሙ ባልና ሚስት ውሃ ውስጥ ገብተው ሊስማሙ አይችሉም። አንዷ «ጨንቆኛል» ስትል ሌላው «ደስ ብሏታል» ብሎ ሊቀጥል ይችላል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የአየሩ ሕግ ነው። ሲሊንደሩ ሲሞላ 200 ባር ያህል ይይዛል። በየጥቂት ደቂቃው ጌጁን ያያሉ፤ «ስንት ቀረህ?» ይጠያየቃሉ፤ በጣታቸውም ይመላለሳሉ። 50 ባር ሳይነካ ከውሃው መውጣት አለባቸው። ታዲያ የሁለቱ አየር እኩል አያልቅም። የፈራ፣ የበረደው፣ የደከመ፣ ሰውነቱም የገዘፈ ቶሎ ይጨርሳል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቅበት ባልየው ነው! የአንዱ ሲያንስ ሁለቱም ይመለሳሉ። «አንቺ ውጪ፣ እኔ ግማሽ ሲሊንደር አለኝ» የሚባል ነገር የለም። እንደዚሁም ከሁለቱ አንዱ በማናቸውም ጊዜ፣ ምክንያት ሳይናገር፣ «ይብቃን» ማለት ይችላል። ሌላው አይጠይቅም፤ አይቆጣም፤ ጀልባው ላይ ሲደርሱም በሰው ፊት አያሾፍበትም። ማሾፍ ከተጀመረ በሚቀጥለው ጊዜ ሰው ፍርሃቱን ይደብቃል፤ ውሃ ውስጥ የተደበቀ ፍርሃት ደግሞ ይገድላል።

እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ በቤታችን ግን ብዙ ጊዜ የሚወስነው አየሩ የበዛለት ነው። ባል ጡረታ እንደወጣ ወደ ገጠር ቀዬው ለመመለስ ይጣደፋል፤ ሚስት ስኳርና ግፊት እያለባት ጤና ጣቢያ ወደሌለበት መሄዷን ፈርታ ዝም ትላለች፤ ዝምታዋ እንደ ፈቃድ ይቆጠራል። በሌላ ቤት ደግሞ ሚስት ከልጆቿ ዘንድ አዲስ አበባ ለመክረም ትቸኩላለች፤ ባል ያለ ሥራና ያለ ወዳጅ በሰው ቤት መቀመጡ እንደሚያደቅቀው መናገር ያፍራል። ወንድ አይፈራም ተብሏልና። በቅርብ ዓመታት ከቀዬአቸው ተፈናቅለው የቆዩና ስለ መመለስ የሚያስቡ ወገኖቻችንም ይህን ጥያቄ ባልና ሚስት ሆነው ይጋፈጡታል፤ አንዱ ዝግጁ ሲሆን ሌላው ገና ሊሆን ይችላል። መመለስ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን የሁለቱ ጉዞ ፍጥነት የሚለካው በቸኮለው ሳይሆን ትንፋሽ ባጠረው ነው። ሰሎሞን በመክብብ ምዕራፍ 4 ስለ ሁለት ሰዎች የጻፈውን በዚህ ዓይን መልሳችሁ አንብቡት።

ሎተን ያየ ደግሞ ሌላውንም ጎን አይርሳ። አየሩ ያነሰው ይወስን ሲባል ማንም ስለ ሌላው «አንቺ አትችይም» ብሎ ይወስን ማለት አይደለም። የእያንዳንዱን ጌጅ የሚያነበው ራሱ ባለቤቱ ነው። ሃንስ አትችልም ብሎ ነበር፤ ቻለች።

እስከሚቀጥለው እትም አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት፣ እራት ከተነሣና ቡናው ከተጠጣ በኋላ፣ ተቀምጣችሁ ተጠያየቁ፦ «ከ200 ስንት ቀረህ? ስንት ቀረሽ?» የሚመለሰው ቁጥር ትንሽ ቢሆን አትደንግጡ፤ ለምን ብላችሁም አትመርምሩ። «እሺ፣ አብረን እንውጣ» በሉ። ማረፍ ያለበት ይረፍ፤ ሐኪም ማየት ያለባት ትታይ፤ ዕቅዱ ስድስት ወር ይዘግይ። ደሴቷ የትም አትሄድም።

ቸር ያገናኘን።