ራስን ችሎ መማር ብቻን መማር አይደለም



ውድ የጀመዓችን ወንድሞችና እህቶች፣ ክረምት ሊገባ ነው። ፈተና ጨርሰን ሻንጣችንን ስንሸክፍ ወደ ወልድያ፣ ወደ መርሳ፣ ወደ ግራናና ወደ ሌሎች የሀብሩ ቀበሌዎች የምንመለስ ብዙዎች ነን። እንደ ወጉ «ለታናናሾቻችን የማጠናከሪያ ትምህርት እንሰጣለን» ብለን አስበናል። ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ ጉዳይ ላይ መነጋገር አለብን። በአካባቢያችን ባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ተማሪው ራሱን ችሎ ይማር» የሚለው አባባል እየተለመደ መጥቷል። ይህ ሲባል ምን ማለት ነው? እኛስ ምን ልናግዝ እንችላለን?

አባባሉ አዲስ አይደለም። የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው በ1986 ከወጣ ጀምሮ ተማሪን ማዕከል ስላደረገ ትምህርት ያልተወራበት ጊዜ የለም። በተግባር የታየው ግን ሌላ ነው። በ1997 ታላላቆቻችን ክፍል ውስጥ ፕላዝማ ገባ። በሳተላይት የሚመጣው ትምህርት ለሁሉም በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ፍጥነት ይሄዳል፤ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥኑ አያየውም። ቀጥሎ የ«አንድ ለአምስት» አደረጃጀት መጣ። ጎበዙ ተማሪ ጓደኞቹን ይዞ እንዲያስጠና የታሰበው ነገር በብዙ ቦታ ፎርም መሙላትና ሪፖርት ማቅረብ ሆኖ ቀረ። ሁለቱም ሐሳቦች መነሻቸው ክፉ አልነበረም። የጎደላቸው ነገር ተመሳሳይ ነው፦ ተማሪው ምን እንደገባውና ምን እንዳልገባው በእርጋታ የሚሰማው ሰው አልነበረም።

ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የ2014ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በ2015 ቁጥሩ 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ነበር። በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ቢልም ከመቶ ተማሪ ከዘጠና በላዩ አሁንም ግማሹን መሻገር አልቻለም። እነዚህ ልጆች በሙሉ ሰነፎች ናቸው ብሎ የሚያምን ሰው በመካከላችን የለም። አሥራ ሁለት ዓመት ክፍል ገብተው የወጡ ልጆች ናቸው።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት ውስጥ ነበሩ፤ ከዚያ ስንመለስ ብዙ ትምህርት ቤቶች ወንበራቸውም መጽሐፋቸውም የለም። ከ2015 መጨረሻ ወዲህም በክልላችን ባለው ግጭት ስንት ልጅ ከትምህርት ገበታ እንደራቀ እናውቃለን። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣም የታተመ መጽሐፍ እስኪደርስ ብዙ ተማሪ ምዕራፉን በስልክ፣ ፒዲኤፍ እያወረደ ሲያነብ ቆይቷል። እንግዲህ የግራና ልጅ ራሱን ችሎ እንዲማር መመሪያ አላስፈለገውም። ኑሮው ራሱ አስገድዶታል።

ስለዚህ አንድ ልዩነት በግልጽ መቀመጥ አለበት። ራሱን ችሎ የሚማር ተማሪና ብቻውን የተተወ ተማሪ ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ያነባሉ። ልዩነታቸው ነገ ነው፦ የመጀመሪያው ነገ ያነበበውን የሚያሰማው ሰው አለው፣ ሁለተኛው የለውም። በዚህ ግቢ ያለን የወሎ ልጆች በእነዚያ ዓመታት እንዴት እንዳለፍን እርስ በርስ ስንጠያየቅ የምንሰማው መልስ ይህንኑ ይመሰክራል። አንዱ ታላቅ ወንድም ነበረው፣ አንዷ ጎረቤት ያለች መምህርት ትጠይቃት ነበር፣ አንዱ ከጓደኛው ጋር ማታ ማታ ይፈታተን ነበር። ያለ ጠያቂ የደረሰ ሰው እስካሁን አላገኘንም።

ይህን ነገር ከእኛ በላይ ሊያውቅ የሚገባው የለም። ብዙዎቻችን ጠዋት በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በመድረሳ ያደግን ነን። አገራችን ወሎ ደግሞ የቂርኣት አገር ናት። ሸህ አሕመድ ኢብን አደም ያቀኑት የየጁው ዳና ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ወደ ደቡብ ሲወረድ ጌታና ጀማ ንጉሥ አሉ። ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና በጻፉት መጽሐፍ እነዚህን ማዕከላት ለዓለም አስተዋውቀዋል። እኛ ግን እነዚህን ቦታዎች ስናነሳ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ዑለማኦቹ ትልቅነት ነው፤ ትምህርቱ እንዴት ይሰጥ እንደነበር እምብዛም አንነጋገርም።

አሠራሩን እናስታውስ። ደረሳው የሚቀራውን ኪታብ ያውቀዋል፣ ወደሚፈልገውም ዒልም ራሱ ይሄዳል። ነሕው ፈልጎ አንዱ ሸህ ዘንድ ይከርማል፤ ፊቅህ ሲፈልግ ስንቁን ይዞ ወደ ሌላው ይሻገራል። አንድ ሐሪማ ውስጥ አሥር ደረሳ ቢኖር አሥሩም የተለያየ ኪታብ፣ የተለያየ ገጽ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ማታ ለነገው ሙጣለዓ ያደርጋል፤ ማለትም ሸሁ ሳይነግሩት በፊት የነገውን ክፍል ራሱ አንብቦ፣ የከበደውን ለይቶ ያድራል። ካስቸገረው ከፍ ያለውን ደረሳ ይጠይቃል። ጠዋት ተራው ሲደርስ ሸሁ ፊት ቁጭ ብሎ ያነባል። ሸሁ ያርሙታል፣ ይፈቱለታል፣ ይጠይቁታል። ከዚያ ወጥቶ ሙራጀዓ ያደርጋል። ወደሚቀጥለው የሚያልፈው የትምህርት ዘመኑ ስላለቀ ሳይሆን ያለበትን ስለቻለ ነው።

የኑሮውም ሥርዓት እንዲሁ ነው። ውኃ ማን ይቀዳል፣ እንጨት ማን ያመጣል፣ አዲስ የመጣውን ልጅ ማን ያስለምዳል የሚለውን በአብዛኛው ደረሶቹ ራሳቸው ይደለድሉታል። ዛሬ «የተማሪ ሕይወት» እየተባለ የሚጠራው ነገር እዚያ ከትምህርቱ ተነጥሎ አይታይም ነበር። ኃላፊነት ያልተሰጠው ሰው ራሱን ችሎ መማርም አይችልምና።

ይህን ስንል የቀድሞውን ሁሉ እናምጣ ማለታችን አይደለም። ለሴት እህቶቻችን በሩ ጠባብ ነበር። ደረሳው ርሃብና እንግልት ያይ ነበር። አንዳንድ ቦታ አለንጋ ከማስረዳት ይቀድም ነበር። ሒሳብና ፊዚክስም አልነበረም። የምንወስደው አንድ ነገር ነው፦ ተማሪው አስቀድሞ ይሠራል፣ ከዚያ የሚያደምጠው ሰው ፊት ይቀርባል።

ምህንድስና የምንማር ልጆች ይህን በሌላ ቋንቋ እናውቀዋለን። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ሲሞላ ውኃውን የሚዘጋ ተንሳፋፊ መዝጊያ ከሌለው ወይ ይፈስሳል ወይ ጎድሎ ይቀራል። ችግሩ ፓምፑ ደካማ መሆኑ አይደለም። የውኃውን መጠን የሚያይና የሚመልስ ነገር አለመኖሩ ነው። በክረምት የምንሰጠው ማጠናከሪያም ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ሮቶ ነው። ሰባና ሰማንያ ልጅ አንድ ክፍል ይሰበሰባል፣ እኛ ሰሌዳው ላይ እንጽፋለን፣ እነሱ ይገለብጣሉ። ለማን እንደገባው ሳናውቅ መስከረም ይጠባል።

ከእኛ ርቆ ያለ አንድ ምሳሌም እንጨምር። በኮሎምቢያ ገጠሮች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ቪኪ ኮልበርትና ባልደረቦቿ «ኤስኩዌላ ኑዌቫ» የተባለ አሠራር ጀመሩ፤ «አዲሱ ትምህርት ቤት» ማለት ነው። እዚያ አንድ መምህር ብዙ ክፍሎችን በአንድ ቤት ውስጥ ያስተምር ነበር። ለተማሪዎቹ ደረጃ በደረጃ የሚመሩ የመማሪያ መምሪያዎች ተዘጋጁላቸው። በአነስተኛ ቡድን ሆነው ይሠራሉ፤ መምህሩ ከቡድን ቡድን እየዞረ ያደምጣል። ቡና ለቀማ ብሎ የቀረ ልጅ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። የተማሪዎች አስተዳደርም አለ፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይመርጡታል፣ የትምህርት ቤቱንም ሥራ ይካፈላሉ። ማሽላ ለማጨድ ወይም የመስኖ ሽንኩርት ለመትከል ሳምንት ለሚቀረው የግራና ልጅ «ካቆምክበት ቀጥል» የሚለው አሠራር ምን ያህል እንደሚጠቅም ማስረዳት አያስፈልግም።

ትምህርት ቤቶቻችን ከዚህ ምን ሊወስዱ ይችላሉ? ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ቤተ መጻሕፍቱ ነው። የተማሪዎች ፓርላማ በየትምህርት ቤቱ አለ፤ ሥራው ግን ብዙ ጊዜ አርፋጅ መመዝገብና ሰልፍ ማስተካከል ነው። ለምን የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍና የጥናት ሰዓቱን ፕሮግራም በኃላፊነት አይረከብም? ሁለተኛው ከሳምንቱ ክፍለ ጊዜዎች ጥቂቱን ለማድመጫ መተው ነው። መምህሩ በዚያ ሰዓት አዲስ ትምህርት አይሰጥም፤ ተማሪዎች ተዘጋጅተው የመጡበትን ያቀርባሉ፣ እሱ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ አንድ ስጋት አለ፤ እኛም እንጋራዋለን። «ራሳችሁን ችላችሁ ተማሩ» የሚለው ቃል የመምህር እጥረትን መሸፈኛ ሊሆን ይችላል። የፊዚክስ መምህር ሳይመደብ ዓመቱ ሲያልቅ «ተማሪ ተኮር ነው» ቢባል ማታለል ነው። የዳና ደረሳ ራሱን ችሎ የሚማረው ሸሁ ስላልነበሩ አይደለም፤ ስለነበሩ ነው። ስለዚህ ይህን አሠራር የምንደግፈው መምህር ይቀነስ ብለን ሳይሆን የመምህሩ ጊዜ ለሚገባው ነገር ይዋል ብለን ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ዘንድሮ በክረምቱ አሠራራችንን እንቀይር። እያንዳንዳችን ስድስት ተማሪ እንያዝ። አንዱን ተማሪ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለግማሽ ሰዓት እናድምጠው። ይህ ከእኛ በሳምንት ስድስት ሰዓት ነው የሚጠይቀው። በስምንት ሳምንት ውስጥ አንድ ልጅ አሥራ ስድስት ጊዜ ይደመጣል። አሥር ሆነን ብንሠራ ስድሳ ልጅ ማለት ነው። የትኛውን ምዕራፍ እንደሚይዝ ተማሪው ይምረጥ። አንብቦ፣ ጥያቄ ሠርቶ፣ ያልገባውን በደብተሩ ላይ ምልክት አድርጎበት ይምጣ። እኛ ጠመኔ አንያዝ። «እስቲ አስረዳኝ» እንበል፣ ዝም ብለን እንስማ፣ የተሳሳተበትን ራሱ እስኪያገኘው እንጠብቅ። የቀረ ልጅ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥል።

ሁለት ነገሮችን ግን አደራ እንላለን። ቦታው መስጊድ ሳይሆን የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ወይም ክፍል ይሁን። መስጊድን ስለጠላን አይደለም፤ በግራናም በመርሳም ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ወንበር ተቀምጦ ነው የተማረው። የሚደመጡት ስድስት ልጆች በሃይማኖታቸው አይመረጡ። ከሌሎች የግቢ ተማሪዎች ጋርም አብረን እንሥራ። ሌላው ሰዓቱ ነው። ማታ ካደረግነው እህቶቻችን ይቀራሉ፤ ረፋድ ላይ ካደረግነው ደግሞ በቤት ሥራ የተያዘችው ትቀራለች። ሰዓቱን እኛ ከመወሰናችን በፊት እነሱን እንጠይቅ። ከእህቶች መካከልም አድማጮች በብዛት እንዲኖሩ የጀመዓው የእህቶች ክፍል ከወዲሁ ይዘጋጅበት።

«እኛም ደክመናል፣ ክረምት ማረፊያችን ነው» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። በሳምንት ስድስት ሰዓት ግን ዕረፍታችንን አይወስድብንም። ያስተማሩንን ሸሆችና መምህራን ብድር መክፈል አንችልም፤ እነሱ ያደመጡንን ያህል ሌላውን ማድመጥ ግን እንችላለን። ዒልም በሰጡት ቁጥር የሚጨምር ሀብት መሆኑን ከልጅነታችን ሰምተናል።

ፍላጎት ያላችሁ ስማችሁን፣ የምትሄዱበትን ቀበሌና የምትችሉትን የትምህርት ዓይነት ግቢውን ከመልቀቃችሁ በፊት ለጀመዓው የትምህርት ክፍል አስመዝግቡ። የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ብቻ አይምሰሏችሁ፤ ዘጠነኛ ክፍል ላይ የሚደመጥ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ እኛን ላይፈልገን ይችላል፤ ያኔ እሱ ራሱ ሌሎች ስድስት ልጆችን ይይዛል ኢንሻአላህ።

አላህ ዒልማችንን የሚጠቅም ያድርግልን። ለአገራችንም ሰላሙን ያውርድ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።