አራሷንስ ማን ጠየቃት?

ሕፃን በተወለደ በ45ኛው ቀን ለክትባት ጤና ጣቢያ ይወሰዳል። ይመዘናል፣ ይከተባል፣ ካርዱ ላይ ይጻፍለታል። ያቀፈችው እናት ስለ ራሷ ብትጠየቅ ስለ ጡት ማጥባትና ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ነው። «ስታስነጥሺ ወይም ስትስቂ ሽንት ያመልጥሻል?» የሚላት እምብዛም የለም። እሷም ነውር ነው ብላ ይዛው ትመለሳለች።

ይህ ጥያቄ በየጤና ጣቢያው እንዲጠየቅ እፈልጋለሁ። ከወለዱ ሴቶች ከሦስት አንዷ ገደማ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ሽንት ያመልጣታል። ለእናቷ ወይም ለጎረቤቷ ብትናገር የምታገኘው መልስ «ወልደሽ የለ? ያለ ነው» የሚል ነው። ስለዚህ መላውን በራሷ ትፈልጋለች። ውሃ መጠጣት ትቀንሳለች፤ ረጅም መንገድ ትፈራለች። ክርስቲያኗ ንጹሕ አይደለሁም ብላ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ትቀራለች፤ ሙስሊሟ በሶላት መካከል ውዱኧ ፈረሰ እያለች ትጨነቃለች። ከአምልኮዋ እስከሚያርቃት ድረስ የከበደ ነገር «ያለ ነው» ተብሎ መታለፉ ያሳዝነኛል።

ከዳሌ አጥንት ሥር፣ ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጉ ጡንቻዎች አሉ። ፊኛን፣ ማህፀንንና አንጀትን እንደ አልጋ ጠፍር ከሥር ደግፈው የሚይዙት እነሱ ናቸው። በእርግዝና ዘጠኙን ወር ሸክም ይበዛባቸዋል፤ በምጥ ጊዜ ደግሞ ከልክ በላይ ይለጠጣሉ። ምጡ ሲረዝም፣ ሕፃኑ ሲገዝፍ ወይም በመሣሪያ ሲወጣ ጉዳቱ ይጨምራል። በቀዶ ሕክምና የወለደችም፣ አደጋው ቢቀንስላትም፣ ፈጽሞ አታመልጥም። እርግዝናው ራሱ ይጫናቸዋልና።

ጡንቻ ግን ካሠሩት ይጠነክራል። አርኖልድ ኬግል የተባለ አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም እነዚህን ጡንቻዎች የሚያጠነክረውን እንቅስቃሴ እ.ኤ.አ. በ1948 በጽሑፍ ካስተዋወቀ ወዲህ በስሙ ይጠራል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሽንትና ጋዝ በአንድ ጊዜ እንደምትይዢ አድርገሽ ጡንቻውን ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቢው። መቀመጫሽና ጭንሽ አብረው አይጨበጡ፤ ትንፋሽሽንም አትያዢ። ለጀማሪ ሦስት ወይም አምስት ሰከንድ ይበቃል፤ እየለመደ ሲሄድ እስከ 10 ይደርሳል። ከዚያ የያዝሽውን ያህል ጊዜ አሳርፊው። ይህን 10 ጊዜ እየደጋገምሽ በቀን ሦስት ዙር ሥሪ፤ ቶሎ ቶሎ ጨብጦ መልቀቅንም ጨምሪበት። ሳል ወይም ማስነጠስ ሲመጣብሽ፣ ልጅ ከማንሳትሽም በፊት፣ ቀድመሽ ጨብጪው። ሽንት እየሸኑ እያቋረጡ መለማመድ ግን ሽንት ከፊኛ ተሟጥጦ እንዳይወጣ ስለሚያደርግ ልማድ አይሁን። ጡት በምታጠቢበት ሰዓት ሁሉ ልትሠሪው ትችያለሽ፤ ሰው አያይሽም፣ ገንዘብም አይጠይቅሽም። ለውጡ ግን በሳምንት አይመጣም፤ ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መታገሥ ይጠይቃል። ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ) የገባላት እናት እሱ ወጥቶላት በደንብ መሽናት ስትጀምር ትጀምር።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሳይወልዱ መጀመር ነው። ኮክሬን የተባለው የጤና ጥናቶችን የሚመረምር ዓለም አቀፍ ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምገማ ይህን ያሳያል። ሽንት ማምለጥ ሳይጀምራቸው በእርግዝና ጊዜ እንቅስቃሴውን የጀመሩ ሴቶች በእርግዝናቸው መጨረሻ በችግሩ የመያዝ ዕድላቸው በ62 በመቶ ያነሰ ነበር። ከወለዱ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜም በ29 በመቶ ያነሰ ነበር። ለእርግዝና ክትትል የምትመጣን ሴት ይህን ለማስተማር አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ፈረንሳይ ውስጥ የጤና መድን ከወሊድ በኋላ ይህን ጡንቻ ለማጠንከር የሚደረጉ የልምምድ ክፍለ ጊዜዎችን ወጪ ይሸፍናል። እኛ ያን ያህል አቅም ባይኖረን፣ ቤት ለቤት የሚሄዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። ትምህርቱን በእጃቸው ማስገባት ከብዶ አይታየኝም።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። ከወለደች በኋላ ሽንቷ ሳታስል፣ ሳትስቅም ሌት ተቀን የሚፈስባት ሴት ፊስቱላ ሊሆንባት ይችላል። ፊስቱላ በረዘመ ምጥ የተፈጠረ ቀዳዳ ስለሆነ ይህ እንቅስቃሴ አይደፍነውም፤ በአፋጣኝ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ሐምሊን ፊስቱላ የተባለው ድርጅት ከአዲስ አበባ ሌላ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ሆስፒታሎቹ በነጻ ያክማል። ማህፀኗ ወደ ታች የወረደባት፣ ከብልቷ የሚወጣ ነገር የሚሰማትም እንዲሁ ትታይ፤ ለዚህም ሕክምና አለ።

የአራስነት ወጋችን ትልቅ ጥበብ አለው። ወንድ ለወለደች 40፣ ሴት ለወለደች 80 ቀን እስኪሞላ ማሳረፍ፣ ገንፎውና አጥሚቱ፣ ከበድ ካለ ሥራ መከልከሉ፣ ለተለጠጠ ጡንቻ የሚሆነው ይኸው ነው። ችግሩ ድሃዋ ጋ አለመድረሱ ነው። በገጠር ገና ደሟ ሳይደርቅ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክማ ዳገት የምትወጣ አራስ አለች፤ ያ ውሃ ብቻውን 20 ኪሎ ነው። ለእሷ ስለ እንቅስቃሴ ብቻ መንገር አይበቃም። ሚስቱ የወለደችለት ባል ሁሉ ውሃውንና እንጨቱን በእኔ ይሁን ይበል፤ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ጀሪካኑን እሱ ይሸከም።