ለቀብር የተዘጋጀ ገንዘብ፣ ለወሊድስ?

እኛ ደብረ ታቦሮች ሰው ሲሞት ብር አይጠፋንም። እንባው ሳይደርቅ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ለሐዘንተኛው ቤት ገንዘብ ይቆጥራል። ሰው ሊወለድ ሲል ግን ያ ቤት ብቻውን ይጨነቃል። ጎረቤት ገንፎና አጥሚት ይዞ የሚመጣው አራሷ ከተገላገለች በኋላ ነው፤ ገንዘቡ የሚያስፈልጋት ግን ቀደም ብሎ ነው።

በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክትትሉም ወሊዱም በነፃ ነው። የባጃጁ፣ የእንቁላሉ፣ ለደጋችን ብርድ የሚሆነው የሕፃን ልብስ ግን በገንዘብ ነው። ከሁሉም የሚከብደው የሚቀረው የቀን ገቢ ነው። ተቀጣሪ እናት በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ 120 ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች። ሰው ቤት ልብስ አጥባ፣ እንጀራ ጋግራ የምታድረዋ ማን ያሳርፋት? «6 ወር የእናት ጡት ብቻ» የሚለው ምክር ለእሷ የሚሠራው ሕፃኑን ታቅፋ ቤት መዋል ስትችል ነው።

ገጠሩ በዚህ ቀድሞናል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ላይ ጋይንትን፣ ታች ጋይንትን፣ ስማዳንና እብናትን ይዟል። በሕዝባዊ ሥራው የታቀፈች ሴት ስታረግዝ ከድንጋይና ከአፈር ሥራው ነፃ ትሆናለች፤ ክፍያዋ ግን አይቋረጥም። «ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ» ይሉታል። የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ከክልላችን የገባችው ደሴ ብቻ ነበረች።

በአሜሪካ የምትገኘው የፍሊንት ከተማ ደግሞ ከፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ ወዲህ ለእያንዳንዷ ነፍሰ ጡር 1,500 ዶላር፣ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላም ዓመት እስኪሞላው በየወሩ 500 ዶላር የሚሰጥ ፕሮግራም አላት። ገቢሽ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እኛ ያን ያህል አቅም የለንም። እድር ግን አለን፤ መዋጮ፣ ዳኛ፣ ገንዘብ ያዥ፣ መተዳደሪያ ደንብ ያለው። እኔ የምለው ይህን ነው፦ በደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር። የአባል ቤት ነፍሰ ጡር 8ኛ ወሯን ስትይዝ የክትትል ካርዷን አሳይታ የተወሰነ ብር በእጇ ትቀበል። ብድር አይሁን፤ በባሏም በኩል አይለፍ። ምን እንደጎደለ የምታውቀው እሷ ናት።

«ሁሉም እየወለደ ካዝናውን ያራቁተዋል» የሚል ይኖራል። ሞትም ከማንም ቤት አይቀርም፤ ለእሱ ግን አስልተን ስናዋጣ ኖረናል። ለሚመጣው ልጅም ማስላት አያቅተንም። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ እጃችሁን አውጡና ጠይቁ።