አቤቱታው ለማን ይቅረብ?

ለውጭ አገር የሚላከው ቡና ከመጋዘን ከመውጣቱ አስቀድሞ በእጅ ይለቀማል። ይህንም ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት ሴቶች መሆናቸውን ላኪዎች ሁሉ ያውቁታል። በብዙ መጋዘን ጧት በበሩ ቆሞ የምትገባውንና የምትመለሰውን የሚለይ፣ ማታም የተለቀመውን ተመልክቶ የሚቀበል ባለቤቱ ሳይሆን ካቦው ነው። ባለቤቱ ስለ ቡናው ደረጃና ስለ መርከቡ ቀን ሲያስብ፣ የለቃሚዋ የዕለት እንጀራ በአንድ ሰው መልካም ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ሰውየው ጨዋ ቢሆን መልካም ነው፤ ጨዋ ባይሆንስ?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377 የሠራተኛን ሰብዓዊ ክብርና ሞራል ስለሚነካ ድርጊት በጠቅላላው ከመናገር በቀር፣ ወሲባዊ ትንኮሳን በስሙ አይጠራውም ነበር። በእርሱ ምትክ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ግን ነገሩን በስሙ ጠርቶ ተረጎመው። ይኸውም ሌላውን ሰው ያለ ፈቃዱ ለወሲብ እሺ እንዲል በቃል፣ በምልክት ወይም በሌላ አኳኋን መገፋፋት ነው። ኃይል የተጨመረበት ወይም የተሞከረበት እንደሆነ ወሲባዊ ጥቃት ይባላል። አሠሪም ሠራተኛም ይህን በሥራ ቦታ እንዳይፈጽሙ ተከልክለዋል። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ይህን በደል ያደረሰባት ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ሥራዋን ለቃ የቀን ደመወዟን 90 እጥፍ ካሣ ለመጠየቅ ትችላለች፤ በሌሎች የአሠሪ ጥፋቶች ምክንያት የሚለቅ ሠራተኛ የሚያገኘው ግን 30 እጥፍ ነው። ከዚህ የሕግ አውጪው ሐሳብ በግልጽ ይታያል። ውል በጽሑፍ አልተፈራረምንም ማለትም ለባለ መጋዘኑ መከላከያ አይሆነውም፤ የሥራ ውል በቃልም ይጸናልና።

ሆኖም ካሣው የሚገኘው ሥራን በመልቀቅ ነው። በዕለት ደመወዝ ልጆች ለምታሳድግ ሴት ይህ ቀላል ምርጫ አይደለም። የመልቀቅ መብቷም ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከቆመ በኋላ 15 የሥራ ቀን ሲያልፍ ይቀራል።

ከዚህም የሚከብደው ሌላው ነገር ነው። በደሉን ያደረሰው አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ሳይሆን የሥራ ባልደረባ እንደሆነ፣ አሠሪው የሚጠየቀው ነገሩ ተነግሮት በጊዜው ተገቢውን እርምጃ ሳይወስድ ሲቀር ነው። ካቦ ከሁለቱ ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠር ጠበቆች ይከራከሩበት። ነጋዴው ሊያስብበት የሚገባው «ተነግሮት» በሚለው ቃል ላይ ነው። ለቃሚዋ የምትናገረው ለማን ነው? ባለቤቱን በወር አንድ ቀን እንኳ ላታየው ትችላለች፤ የሒሳብ ክፍሉ በር ለእርሷ አይከፈትም፤ የሚሰማት አለቃ ራሱ ካቦው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 625 በአሠሪነቱ ባለው ሥልጣን ተጠቅሞ ሴትን ለዝሙት የሚያውልን ሰው ይቀጣል፤ ነገር ግን እርሱም የተበዳይዋን አቤቱታ ይጠብቃል። ያልተነገረኝን አልጠየቅበትም ብሎ የሚደሰት ባለ መጋዘን ይኖር ይሆናል። እንዲህ ያለው ጆሮ ዳባ ልበስ ለጥቂት ጊዜ ያዋጣው እንደሆነ ነው እንጂ፣ በለቀማው ወራት የለመዱ እጆች ወደ ሌላ መጋዘን ሲሄዱ ኪሣራውን በገዛ መዝገቡ ያገኘዋል።

በሱቅ ደግሞ የሚተናኮለው ብዙ ጊዜ ደንበኛ ነው። አዋጁ አሠሪን፣ የሥራ መሪንና ባልደረባን ሲያነሣ ደንበኛን ለይቶ አልጠራም። የእንግሊዝ ሕግ በዚህ ረገድ ሁለት ጊዜ ተመላልሷል። በ2010 እ.ኤ.አ. ሠራተኛይቱ ከዚያ ቀደም ቢያንስ ሁለት ጊዜ በውጭ ሰው መተንኮሷን እያወቀ መከላከያ ያላደረገውን አሠሪ ተጠያቂ የሚያደርግ ድንጋጌ ወጣ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ለንግዱ ሸክም ነው ተብሎ ተሻረ። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን አሠሪዎች ትንኮሳን አስቀድመው ለመከላከል ተገቢውን እርምጃ እንዲወስዱ ተገደዱ፤ ያልወሰደውም የሚፈረድበት ካሣ እስከ 25 በመቶ ሊጨመርበት ይችላል። ሸክም የተባለው ነገር በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው። የአገራችን ባለሱቅ ግን እንዲህ ያለውን ደንበኛ ከባንኮኒው ለማራቅ አዋጅ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። ዱቤ የማይከፍለውን ደንበኛ ለማራቅ አዋጅ ጠብቆ አያውቅምና።

ሐሰተኛ አቤቱታ ይበዛል የሚል ሥጋት በነጋዴዎች ዘንድ ይሰማል። ሥጋቱ ከንቱ ነው አይባልም። ነገር ግን ጆንያ ጎደለ የሚል ክስ ሲቀርብ ሚዛኑም ምስክሩም ይመረመራል እንጂ፣ ውሸት ሊሆን ይችላል ተብሎ ሳይሰማ አይቀርም።

የሚያስፈልገው ብዙ ወጪ አይደለም። አቤቱታ የሚቀበል ከካቦው ሥልጣን ውጭ የሆነ ሰው፣ ቢቻል ሴት፣ ተለይቶ ይሰየም፤ የቀረበውም ከነቀኑ በመዝገብ ይጻፍ። ከሁሉም በላይ ግን የነገው ሥራ ተራ ከካቦው እጅ ይውጣ። የሚገቡትን ሠራተኞች ስም የሒሳብ ሹሙ ማታ ጽፎ በበሩ ላይ ቢለጥፈው፣ ጧት በመጋዘኑ ደጃፍ የሚሸጥና የሚለወጥ ሞገስ አይኖርም። ማንበብ ለማትችለው ዘበኛው ስሟን ጮክ ብሎ ይጥራላት።